እንዳያገረሽ

ወባ ያገረሻል፣ ቁስል ያገረሻል እንላለን። ድባቴም ያገረሻል፤ ግን የታመመው ልጅ ሲስቅ ከታየ ቤተሰቡ "ተመስገን፣ ዳነ" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። አሜሪካ ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩ የድባቴ ታካሚዎችን 5 ዓመት በተከታተለ ጥናት 96 በመቶው አገግመዋል። ካገገሙት ግን 47 በመቶ ያህሉ ተመልሶባቸዋል። ስለ ድባቴ ሳስብ ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ሁለተኛው ነው የሚመላለስብኝ።

ብዙው ጥፋት የሚሠራው በደህናው ጊዜ ነው። ፍሎክሰቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ጊዜም እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የሚቆጠረው ኪኒኑ ከተጀመረበት ቀን ሳይሆን ምልክቶቹ ከጠፉበት ቀን ነው። ፍሎክሰቲን ደግሞ አታላይ ነው፤ ድንገት ቢቋረጥም ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም። ስለዚህ "ይኸው ያለ መድኃኒትም ደህና ነው" ይባላል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሲያገረሽ ከመቋረጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። እንደ ሰርትራሊን ያሉት ሌሎች የድባቴ መድኃኒቶች ግን ድንገት ሲቋረጡ በቀናት ውስጥ ማዞር፣ ብስጭትና ኤሌክትሪክ የነካ የሚመስል ንዝረት ያመጣሉ፤ ይህ የማቋረጥ ምልክት እንጂ የግድ ማገርሸት አይደለም። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያስኬደዋል። መቀነሱ የፈተና ሰሞን አይጀመርም።

ጠበልና ጾምም ከኪኒን ጋር መጣላት የለባቸውም። ኪኒኑ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ወደ ጾም መፍቻ ማዞር ይቻላል፤ ማምሻ ላይ ሲወሰድ እንቅልፍ የሚነሳው ልጅ እንዳለ ግን አይረሳ።

ሌላው የተረፈው ቁራጭ ነው። ሐዘኑ ለቅቆ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ድካሙ ወይም ቁጣው ከቀረ በሽታው በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሄደው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በፍሎክሰቲን ከተሻላቸው ልጆች መካከል ይህን ቁራጭ የሚያክም የንግግር ሕክምና የተጨመረላቸው በ30 ሳምንት ውስጥ 9 በመቶ ብቻ አገረሸባቸው፤ መድኃኒቱን ብቻ የቀጠሉት 26.5 በመቶ። እኔ ከሁሉ በፊት የምይዘው እንቅልፍን ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል፣ የመነሻው ሰዓትም ቅዳሜና እሁድ ብዙ አይለወጥ። ለጥናት ተብሎ የሚቃም ጫት ሌሊቱን በምርቃና ይወስድና ማግስቱን በድብርት ያስከፍላል።

ልጁ ደህና ሳለ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ በራሱ እጅ። ባለፈው ጊዜ መጀመሪያ የተለወጠው ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ለቅሶ አይደለም። የቴሌግራም መልእክት ሳይመልሱ መዋል፣ ከኳስ መቅረት፣ ምሳን መዝለል ነው። ከእነዚህ ሁለቱ 2 ሳምንት ከቆዩ ቀጠሮ ይያዛል። በወር አንዴ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ መሙላትም ጥሩ ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ሲሆን 10 ከደረሰ መታየት ያስፈልጋል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ ሌላ ከተሞላ ድምሩ አይጠበቅም፤ ያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ይኬዳል፣ ልጁም ብቻውን አይተውም።

ገጹ ላይ ምልክቶቹ ሲመለሱ የሚነገረው ሰው ስም ይኑር። የሚመርጠው ልጁ ነው፤ እናት ላትሆን ትችላለች፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ትሆናለች፤ እናትም ባትቀየም ጥሩ ነው። "ምን ጎድሎብህ ነው?" የሚለው ጥያቄ አፍ ያዘጋል፤ "ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?" ግን መልስ አለው።

ከ12ኛ ክፍል ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ከሆነ ከመሳፈሩ በፊት የሪፈር ወረቀት፣ ቢያንስ የአንድ ወር ኪኒን፣ እዚያ ከተማ መድኃኒቱ የሚገኝበትን ፋርማሲና የሚያየውን ሐኪም ማወቅ ያስፈልጋል። ገጹን በስልክ ፎቶ ያንሳው፤ ዶርም ውስጥ ወረቀት አይበረክትም።