ኪሎ ሳይቀንስ የቀነሰ ስብ

እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ሬገን ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ውሎው ይታወቃል። ወረፋ ይጠብቃል፣ ይነዳል፣ ተመልሶ ወረፋ ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው።

ዐቢይ ጾምን ጨርሼ ደም ስመረመር ትራይግሊሰራይዴ፣ ማለትም ደሜ ውስጥ ያለው ስብ፣ ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ጤናማው ከ150 በታች ነው። በአልትራሳውንድ ደግሞ ጉበቴ ላይ ስብ ታየ። መጠጥ አልቀምስም። ባለቤቴ «ጉበት? አንተ?» ብላ ደነገጠች።

ሐኪሟ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። እንጀራ በሽሮ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ከላዩ ለስላሳ። ጉበት የተረፈውን ስኳርና ስታርች ራሱ ወደ ስብ እንደሚቀይረው ያን ቀን ሰማሁ። ቅቤ አለመብላት ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

እንቅስቃሴ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ጡንቻ ሲሠራ፣ ስኳርን ከደም የሚያስወስደው ሆርሞን ኢንሱሊን ባይረዳውም ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ትራይግሊሰራይድን የሚሰባብረው ኢንዛይምም ጡንቻ ላይ አለ፤ ብዙ ሲቀመጡ ይዳከማል፣ ሲንቀሳቀሱ ይበረታል። አንድ ቀን ረዘም አድርጎ መራመድ በማግስቱ የደም ስቡን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ለዚህ ነው እሁድ ኳስ ተጫውቶ ሳምንቱን መቀመጥ የማይበቃው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል።

ለስላሳውን ተውኩና ወረፋ ስጠብቅ ከመኪና ወርጄ ፈጠን ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ወራት አለፉ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ብዙ ወገኖቻችን ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙት እዚህ ጋ ነው፣ ይህ ያሳዝነኛል። የጉበት ስብ ኪሎ ሳይቀንስም ይቀንሳልና! የኔም ትራይግሊሰራይድ ወደ 200 ወረደ፣ በደም ምርመራ የሚታየው የጉበት ኢንዛይሜም ተስተካከለ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤሉ፣ ብዙም አልተነካም። እሱን እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ አይቀንሰውም፤ ኪኒኔን እየወሰድኩ ነው።

አሁን ወረፋ ላይ አብረውኝ የሚራመዱ አሉ። አንድ ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እሳቸው ሳይለኩ አይነሱም፣ ኪሳቸውም ከረሜላ አያጣም። እንቅስቃሴ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርደው ስለሚችል፣ እንደሳቸው ያላችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።