ቼክ ኢንጅን ብልጭ ድርግም ሲል ባትሪ አታስነቅሉ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። የቼክ ኢንጅን መብራት ዝም ብሎ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል አንድ አይደለም። ዝም ብሎ የበራ ጊዜ ይሰጣል። ብልጭ ድርግም የሚለው ግን ሞተሩ ክፉኛ እየቆራረጠ ነው ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይወጣና ጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ይነዳል። ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ በዚያ ሙቀት ይቀልጣል። ከቀለጠ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ መኪናዋም ጉልበት ታጣለች። የካታላይዘርን ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የእኔዋ ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ናት። ባለ 1.3፣ አራት ፒስተን፣ ብልጭታ በሚሰጠው በየካንዴላው ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያቀብለው የራሱ ኮይል የተቀመጠባት። ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ስመላለስባት ምንም አይላትም። ወደ ሐረር ስወጣ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። እግሬን ሳላላ ይተዋታል።

ጋራዥ በጠዋት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ጋራዥ መሄድ ትርፉ ድካም ነው፣ ሰዉ በርጫ ላይ ነው። መካኒኩ አንቱ የሚባሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ሞተሩን እንኳ ሳያስነሱ ፈረዱ።

«ቤንዚኑ ነው ልጄ። በጀሪካን ትገዢያለሽ አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማደያ ተሰልፌ ነው የምቀዳው።»

«ማደያውም ያው ነው አቦ!»

ድሬ ላይ ለሁሉም የሞተር በሽታ ቤንዚን ነው የሚከሰሰው። ግን አስቡት፣ አራቱም ፒስተኖች የሚጠጡት ከአንድ ታንከር ነው። ቤንዚኑ ቢበላሽ አንዱን ለይቶ አይበድልም። ችግሩ የአንድ ፒስተን ነው ወይስ የሁሉም? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነበር። መልሱ ደግሞ መኪናዋ ኮምፒውተር ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዘንግ ፍጥነት ይከታተላል። አንዱ ፒስተን ተራው ደርሶ ካልገፋ ዘንጉ ለቅጽበት ይዘገያል፣ እሱም ይቆጥራል። በ200 ዙር ውስጥ ቁጥሩ ካታላይዘር የሚያቃጥል ያህል ከሆነ ነው ብልጭ ድርግም የሚለው።

እሳቸው ግን ይህን መዝገብ የሚያነበውን ስካነር አላወጡም። ሞተሩን ነዳጅ ሳይረግጡ በሚኒሞ አስነስተው የኮይሎቹን ሶኬት እየነቀሉ ድምፁን አዳመጡ። «አየሽ? አራቱም ይሠራሉ።» ይሠራሉ እንጂ! ቆማ መቼ ቆራረጠች? ዳገት ላይ ፒስተኑ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ብልጭታው በዚያ ግፊት ውስጥ ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ግቢ ውስጥ ያልፍና ደንገጎ ላይ ይወድቃል። ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ። «አንቺ ንጂ፣ ሞተሩን ለእኔ ተይው» ተባልኩ።

ቤንዚን የሚረጩት ኖዝሎች ወርደው ታጠቡ። አራት አዲስ ካንዴላ ገባ። በመጨረሻ ከሁሉ ያናደደኝ ነገር መጣ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው ትንሽ ጠበቁና መልሰው አሰሩት። «ጠፋልሽ!» አሉኝ፣ ዳሽቦርዱን እያሳዩ። የጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም። የትኛው ፒስተን እንደቆራረጠ፣ ሞተሩ ያኔ በስንት ዙር ይሽከረከር እንደነበር፣ ሙቀቱ፣ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ተሰረዘ። ለዚህም አስከፈሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ሳቁ።

ደንገጎ ላይ ያው ሆነች።

የመኪናዋ መጽሐፍ ባስቸኳይ ወኪል ጋር ውሰዷት ይላል። ሰማሁ። ደንገጎ ኩርባ ላይ ግን ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። እግራችሁን አላሉ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ዳር ያዙ፣ ከዚያ ወደ ድሬ ተመለሱ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጁን ከለቀቃችሁ ኖዝሎቹ ቤንዚን መርጨት ያቆማሉ፣ ስለዚህ ካታላይዘሩም ያርፋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ግን የለም፣ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል።

ከዚያ በስልክ የሚሠራ ርካሽ ስካነር ገዛሁ። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ይሰካል። ፒ0303 የሚል ኮድ አሳየኝ፤ 3ኛው ፒስተን ማለት ነው። ፒ0300 ቢል ኖሮ አንዱን አልለየሁም ማለቱ ነበር፣ ያኔ ቤንዚኑንም እጠረጥር ነበር።

ኮዱን ፎቶ አንስቼ አጠፋሁት። ሞተሩ ሲበርድ የ3ኛውን ኮይል በ10 ቁልፍ ፈትቼ ወደ 1ኛው፣ የ1ኛውን ወደ 3ኛው አዛወርኩ። ሳወጣው ካንዴላው ላይ የሚቀመጠውን ላስቲክ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፣ ጠርዙ ተቃጥሎ ነጣ ብሏል። ብልጭታው ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በዚያ በኩል ወደ ብረቱ ይሾልክ ነበር። እንዲያም ሆኖ በዓይን አልፈረድኩም፣ ደንገጎን ወጣሁ። ፒ0301! ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ። ብቻዬን መኪና ውስጥ እልል አልኩ።

አዲስ ኮይል ፍለጋ ሌላ ጣጣ ነው። ዴንሶ የጃፓን መለዋወጫ አምራች ነው፣ ግን ስሙ የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለ ሁሉ ዴንሶ አይደለም። ሻጩ ሁሉ «ኦሪጅናል» ይላል። የእኔ ምክር ብዙ ሰው አይወደውም፤ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ፣ ሲሠራ ከነበረ ተመሳሳይ ሞተር የተፈታ አሮጌ ኮይል ይሻላል። እኔ እሱን ገዝቼ አስገባሁ፣ ሐረር ድረስ ዳገቱን ሁሉ ያለ ንቅንቅታ ወጣች።

«ካታላይዘሩን ቆርጠን እንጣልልሽ» የሚልም አጋጥሞኛል። እምቢ በሉ። ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮድየም ስላለ እንደማይጣል እሱም ያውቃል።

ኮይል ስታዛውሩ ኮዱ ካልተከተለው ካንዴላዎቹን አዛውሩ። እሱም ካልሆነ ወደ ኖዝል፣ በመጨረሻ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ማስለካት። ይህን ገልብጦ ከኖዝል የሚጀምር፣ በባትሪ ነቀላ የሚጨርስ ጋራዥ ከገጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።