ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ መሮጥ

ከባሕር ዳር ደሴ ያለው መንገድ ረጅምና አቧራማ ነበር። ከመናኸሪያው ፒያሳ ያደረሰኝ ባለባጃጅ ሻንጣዬን አይቶ 150 ብር አስከፈለኝ፤ የአገሩ ሰው ግን በ30 ብር እንደሚሄድበት በኋላ ሰማሁ፤ በዚህ አዝኛለሁ። ሌሊቱም ክፉ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ስስ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ ጣና ዳር ላደገ ሰው የማይራራ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሯጮቹን ቆሜ ስጠብቅ መንቀጥቀጤን ያየች ባለቡና «አብሽር ወንድሜ፣ ይኸን ደርብ» ብላ የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ፤ ለቡናውም ገንዘብ አልቀበልም አለች።

የመጣሁት ለግማሽ ማራቶን የሚዘጋጁ ወጣቶችን ለማየት ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በከፍታው ሲኖሩ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ሰውነታቸው ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ፍጥነት የሚጠይቀውን ልምምድ ግን ኦክስጅኑ ሻል ወደሚልበት ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ይሠሩታል።

ውድድሩ እሑድ ነበርና የዕለቱ ሥራ ቀላል ሶምሶማና ጥቂት አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ብቻ ነበር። ቀልቤን የሳበችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ የጫማዋን ክር አስራ፣ ጣቶቿን አንቀሳቅሳ፣ ፈትታ እንደገና አላልታ አሰረችው። ጫማው በልምምድ የተፈተነ ነው፤ አዲስ ጫማ ለውድድር ቀን አይደረግም። ሮጣ ስትጨርስ ትንፋሿ ሳይዛባ «አንድ ልድገም» አለች።

«በቃሽ፤ ለእሑድ አስቀምጪው» አላት አሠልጣኙ።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ ፊቷ ግን እሺ አላለም። ከዝግጅቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ወራት የለፋ ጡንቻ የሚጠገነውና ከሩዙ፣ ከፓስታውና ከበሶው ያገኘውን ኃይል የሚያከማቸው በመጨረሻዎቹ ቀናት ሲያርፍ ነው፤ ሯጭ ደግሞ ያረፈ ሁሉ የሰነፈ ይመስለዋል።

ስለ ሐሳቧ ስጠይቃት «ማታ ተኝቼ ሩጫውን እሮጠዋለሁ» አለችኝ። የምታስበው ማሸነፉን አይደለም፤ እግሯ የሚከብድበትን ሰዓት፣ ሌሎች አምልጠዋት ሲሄዱ እስትንፋሷን እንዴት እንደምትይዝ ነው። አሠልጣኙ ታምራት ቶላን አነሣ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሎምፒክ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተክቶ ማራቶኑን በ2፡06፡26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ባይጠራም እንደሚጠራ ሆኖ ባይዘጋጅ ኖሮ ያን ማድረግ አይቻልም።

በእኛ በባሕር ዳር ውድድር ሲቃረብ ልምምድ የሚጨምሩ ብርቱ ልጆች አሉ፤ ሲሮጡ ሳይሆን ገና መነሻው ላይ ሲደክሙ አይቻቸዋለሁ። አሠልጣኙን መጥተህ ምከርልን ብዬ ለመንኩት፤ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብሎኛል።