በቡና አገር የሻይ ደንበኝነት መሸጥ፦ ከሥራው የተማርኩት

ሻይ በወርሃዊ ደንበኝነት ልሸጥ ነው ስል ወዳጆቼ «በቡና አገር ሻይ ማን ይገዛል?» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሻይ የማይፈላበት ቤት ማግኘት ግን ይከብዳል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ሻይ ቅጠል ከስኳርና ከሳሙና ጋር አብሮ የሚገዛ፣ ማንም አስቦ የማይመርጠው ዕቃ ነው። እኔ የፈለግሁት ሰው በየወሩ እየከፈለ አንድ የሻይ ሳጥን እንዲደርሰውና ያልለመደውን ነገር እንዲቀምስ ነበር። የውሽውሽ ቅጠል ከካፋ፣ ጦስኝ ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ሌላ ጊዜ ቀጋ፣ ጠጅ ሳር ወይም ከርከዴ።

ድረ ገጽ ሳልሠራ ነው የጀመርኩት። የቴሌግራም ቻናል፣ የምዝገባ ፎርምና የኤክሴል መዝገብ በቂ ነበሩ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ መቀበል ቀሏል፤ ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይሆንም። ክፍያውን በግብይት ቁጥሩ ከራሴ ሒሳብ ጋር ሳላመሳክር ዕቃ አላወጣም።

ውጭ አገር እንዲህ ያለው ንግድ የሚቆመው ገንዘቡ በየወሩ ከደንበኛው ካርድ በራሱ ስለሚቆረጥ ነው። ሰውየው ረስቶትም ይከፍላል። የእኔ ደንበኛ ግን ስልኩን አንስቶ፣ የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ፣ ራሱ ይልካል። በየወሩ እንደገና ይመርጠኛል ማለት ነው። መጀመሪያ ይህን እንደ ችግር አየሁት፤ ዛሬ ግን የሥራው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የወሩ ሳጥን ደካማ ከሆነ በሚቀጥለው ክፍያ ወዲያው ይታወቃል።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ የክፍያውን ቀን ማወቅ ሆነ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን በእኛ አቆጣጠር ይቀበላል፤ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ያለው ደግሞ በፈረንጅ ወር። ለሁሉም በአንድ ቀን «ክፈሉ» ብሎ መልእክት መላክ ለግማሹ ኪሱ ባዶ በሆነበት ሰዓት መጠየቅ ነው። አሁን ሲመዘገቡ «ማስታወሻ በየትኛው ቀን ይድረስዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ጠቅማኛለች። ጳጉሜንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ማንም የወር ሒሳብ አይከፍልም። በዓመት አሥራ ሁለት ሳጥን አደረግሁና ለጳጉሜ ትንሽ የመቅመሻ ከረጢት በነፃ እጨምራለሁ። በዚያች ከረጢት የመስከረሙን ሻይ አስቀድመው ይቀምሳሉ።

ደንበኝነቱን ያቆሙትን አንድ በአንድ ደውዬ ጠየቅሁ። የጠበቅሁት ዋጋ ወይም ጣዕም ነበር። ብዙዎቹ ያሉኝ ግን «ሻዩ ጥሩ ነው፤ ተጠራቀመብኝ» ነው። ለአንድ ስኒ 2 ግራም ያህል ቅጠል ይበቃል፤ በቀን ሁለት ስኒ የሚጠጣ ሰው በወር 120 ግራም ይጨርሳል። ያም ሌላ ሻይ ካልጠጣ ነው፤ ቤት ውስጥ የተለመደው የሱቅ ቅጠልም አለ። ሳጥኑን ወደ 100 ግራም ዝቅ አደረግሁ፤ «ይህን ወር ዝለሉኝ» የሚል ምርጫም ጨመርኩ። የዘለለ ሰው ይመለሳል፤ ጨርሶ ያቆመውን ግን መመለስ ከባድ ነው።

ስለ ማሸጊያ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። ሻይ ቅጠል አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ቅርንፉድ ካለበት ሳጥን የወጣ ናና ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። መስኮት ያለው የወረቀት ከረጢት ለፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ብርሃን ያስገባል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት። ውስጡ አልሙኒየም የሆነ፣ አፉ በሙቀት የሚታሸግ ከረጢት ውድ ቢሆንም እሱን መረጥሁ። ቅመሙን ለየብቻው አሽጋለሁ፤ ቀረፋና ሄል የሚፈልግ ራሱ ይጨምር።

የአፈላል መመሪያውንም ለከተማችን ብዬ ጻፍሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 100 ይደርሳል። ከውጭ የመጣ ፓኬት ላይ «ሦስት ደቂቃ» የሚለውን ጥቁር ሻይ እዚህ አምስት ደቂቃ ማቆየት ይሻላል። አረንጓዴ ሻይ ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል፤ ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝለት፣ አለዚያ ይመራል። በስኳር ለሚጠጣ ሰው ምንም አልልም። በሻይ ጉዳይ ሰው ላይ የሚኮፈስ ሻጭ አልወድም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። «ጦስኝ ግፊት ያወርዳል፣ ሽፈራው ስኳር ያድናል ብለህ ጻፍ፤ ይሸጥልሃል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አልጽፍም። መድኃኒት የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሐኪም እንድታማክር ከረጢቱ ላይ አትሜያለሁ። የምሸጠው መጠጥ ነው።

ማድረስን በተመለከተ ቤት ለቤት ከመዞር ቢሮ ማድረስ ይቀላል። ሞተረኛው «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» እያለ ደጋግሞ ሲደውል ያ ቀን አለቀ። አንድ ሕንፃ ላይ ደንበኞች ሲበዙ ግን በአንድ ጉዞ ሁሉም ይዳረሳል።

ያልጠበቅሁት ገቢ ከስጦታ መጣ። ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ልጆች እዚህ ላሉ እናቶቻቸው የብዙ ወር ሳጥን በአንዴ ይከፍላሉ። ለእነዚህ የተለየ ካርድ አዘጋጀሁ፤ ፊደሉ ትልቅ፣ የላኪው ስም ከላይ፣ የአፈላሉ መመሪያ በሁለት መስመር። ከማድረሴ በፊት ለእናትየው ደውዬ ልጃቸው እንደላከ እነግራቸዋለሁ፤ ያልታወቀ ሰው ዕቃ ይዞ በር ሲያንኳኳ መደንገጥ የለባቸውም።