አልዩ አምባ ላይ ይለያል

ከሌሊቱ 11 ሰዓት የደብረ ብርሃን ብርድ ለናፍታ ሞተር ጥሩ መርማሪ ነው። ወደ አፋር ሜዳ የሚያወርዱን ሁለቱ ሃርድ ቶፖች (የቶዮታ ላንድክሩዘር መኪኖች) ማታውኑ መጥተው ካረፍንበት ግቢ እንዲያድሩ፣ እኛ ሳንኖርም እንዳይነሱ ከአስጎብኚው ጋር አስቀድመን ተስማምተናል። ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ጉዱን አይደብቅም። ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ ግሎ ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ አውጥቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠራ ደህና ነው፤ ሰማያዊ ጭሱ ካላቆመ ዘይት ይበላል። የራዲያተር ክዳን የሚከፈተውም ሳይሞቅ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው ሙሉ መሆኑና ዘይት አለመንሳፈፉ የሚታየው ያኔ ነው። መኪናውን አሙቆና አሳጥቦ መጥቶ «ግቡ እንጂ፣ ረፈደ እኮ» የሚል አስጎብኚ ገና ሳይነጋ የሚቸኩልበት ምክንያት ይኖረዋል።

የያዝነው መንገድ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ በአልዩ አምባ በኩል ወደ ዱለቻና ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደው ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን የሚያቋርጠው አስፋልት ይቀላል። አስፋልት ግን የሹፌሩንም የመኪናውንም ጠባይ አያወጣም። የአንኮበር ቁልቁለት ያወጣል፤ አልዩ አምባ ላይ ሆኖ ደግሞ ወደ ቤት መመለስ ገና ይቻላል። ውሉን ያሰርነውም በዚሁ ስሌት ነው፦ ከዋጋው ሲሶው ስንነሳ፣ ሲሶው አልዩ አምባ ላይ መኪኖቹ ከታዩ በኋላ፣ የቀረው ደብረ ብርሃን ስንገባ። አስጎብኚው ለነዳጅና ለአበል ቅድሚያ ያስፈልገዋል፣ ሲሶው ለዚያ ይበቃል። ሙሉውን ካልተቀበልኩ ንቅንቅ አልልም ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ወረቀቱ ቀድሞ ባሉት ቀናት ያለቀ ጉዳይ ነው። ንግድ ፈቃዱ ለአስጎብኚነት የተሰጠና የታደሰ መሆኑ በቲን ቁጥሩ ይጣራል። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ ይታያል። ኮድ 2 የግል መኪና በክፍያ ሰው ጭኖ ቢገለበጥ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ የንግዱ ኮድ 3 ይሁን። የሰሌዳ ቁጥሩና የሹፌሩ ስም ውሉ ላይ ይጻፉ፤ አለበለዚያ ፎቶው ላይ የታየው መኪና «ጋራዥ ገባ» ተብሎ ሌላ ይመጣል። መንገዱ ከተዘጋ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም በጽሑፍ ይሁን። በዚህ አካባቢ ማለዳ ክፍት የነበረ መንገድ ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል። የሚታመነው አስጎብኚ ለሁሉም ነገር «ችግር የለም» የሚለው ሳይሆን፣ ከመነሳቱ በፊት ታች ያሉ ሰዎችን ደውሎ ጠይቆ «ዛሬ አንወርድም» ማለት የሚችለው ነው።

ጎማ ላይ ረጅም ጊዜ ጠፋ፤ መጥፋትም ነበረበት። ጎማው ጎን ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ ጎማ፣ አየሩ ተቀንሶ ድንጋይ ላይ ሲረግጥ ከጎኑ ይፈነዳል። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ትርፍ ጎማ እንጠይቃለን። ባለፈው ጉዞ ሌላ አስጎብኚ በቃሉ መሠረት አራት ትርፍ ጎማ ጭኖልን ነበር፤ ዱለቻ ማዶ አንዱ ሲተነፍስ ግን ቸርኬው ለዚያ መኪና አልሆነም። ድሮ የተሠሩት ሃርድ ቶፖች ቸርኬ ባለ ስድስት ቡለን ነው፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ባለ አምስት። አሮጌና አዲስ መኪና አጣምሮ የሚያሰማራ ሰው ይህን ካላሰበ፣ የአንዱ ትርፍ ጎማ ለሌላው ሸክም ብቻ ነው። አሁን የቸርኬውን ቀዳዳ ሳንቆጥር አንነሳም።

ጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ካየን ደግሞ ጥያቄ አለን። ሃርድ ቶፕ ሁለት ታንክ አለው፣ እያንዳንዱ 90 ሊትር። ኢንጂኑ አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12፣ 13 ሊትር ይጠጣል፤ አሸዋ ላይ በከባድ ማርሽ 20ም ይደርሳል። ከአስፋልት ውጭ 250 ኪሎ ሜትር ቢኬድ 50 ሊትር ነው፣ ሲሶ መጠባበቂያ ሲጨመር 67። ታዲያ ጄሪካኑ ለምን አስፈለገ? አንዳንዴ ሁለተኛው ታንክ ቆሽሾ ስለተዘጋ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ነዳጅ መኪናውን ተዳፋት ላይ ያጋድላል፣ ፕላስቲኩም በሙቀት ያብጣል። ከጄሪካን የሚቸረቸር ናፍታ ውሃ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ትርፍ የናፍታ ፊልትሮ መያዙ መጠየቅ አለበት።

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ላይ ቆምን። የፊቱን ሹፌር «ጋሼ፣ ሃቡን የት ነው የሚቆልፉት?» አልናቸው። «እዚሁ ነዋ። ቁልቁለቱ መሃል ወርጄ ድንጋይ ስደግፍ ልታዩኝ ነው?» አሉና ወርደው ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ሃብ በእጃቸው አዞሩ። መልሱ ይህ ነው። ሃቡ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከአክሱ ጋር የሚያገናኘው መቆለፊያ፣ ካልተቆለፈ ፎር ዊል ቢገባም የፊት ጎማው አይሠራም፤ የሞተሩም መያዝ ለኋላ ጎማ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በሎው (በፎር ዊሉ ከባድ ማርሽ)፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሬን ላይ ተነስቶ ሞተሩ እየጎተተ መውረድ ነው። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያመጣል። ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ሆኖ ወለል ድረስ ይገባል። ሽታው ከመጣ «ይቁሙ» ማለት ነውር አይደለም። ቆሞ በራሱ ይቀዝቅዝ እንጂ ውሃ አይደፋበትም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

አልዩ አምባ ስንደርስ ማንም ወደ ሻይ ከመሄዱ በፊት መዳፋችንን ገልብጠን ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል አጠገብ አስጠጋን፣ ሳንነካው። አራቱም ተቀራራቢ ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እያለቀ ነው። የሁለተኛው መኪና የግራ ኋላ ጎማ ከሌሎቹ ትንሽ ሞቅ ብሎ ነበር። ሹፌሩ ሳይከራከር ክሪክ አስገብቶ አነሳው፣ በእጁ አሽከረከረው፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ መጥበቁን አግኝቶ አላላው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛውን ሲሶ ከፈልን። ስህተት የሌለበት መኪና የለም፤ እኛ የምንከፍለው ስህተቱ ሲነገረው ክሪክ ለሚያወጣ ሰው ነው።

አልዩ አምባ ይህን ንግድ ድሮም ታውቀዋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ጨውና ዕቃ ጭኖ አፋርን አቋርጦ የሚመጣ የነጋዴ ቅፍለት ገበያው እዚህ ነበር፤ ያለ አገሬው ሰው ከለላም አይንቀሳቀስም። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1886 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከታጁራ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ተነስቶ አንኮበር የደረሰው በ1887 መጀመሪያ ነው፤ ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም። ዛሬም አፋር መሪ ከታች ሳይዝ የሚገባ አስጎብኚ አይመረጥም። መሪው መንገድ ከማሳየት በላይ ሥራ አለው፦ የማን ግጦሽ፣ የማን ኤላ (የውሃ ጉድጓድ) እንደሆነ ያውቃል፣ ሰላምታውን እሱ ይጀምራል። ክፍያው ስንት እንደሆነ አስጎብኚውን ፊት ለፊት መጠየቅ ጥሩ ነው፤ በመሪ አበል የሚቆጥብ ሰው በውሃም ይቆጥባል።

ውሃ ስንል፦ ዘጠኝ ሰው ነን፣ ለሦስት ቀን፣ ለመጠጥ ብቻ በቀን በነፍስ ወከፍ 6 ሊትር። 162 ሊትር ይሆናል። አንድ ቀን ብንቆይ ተብሎ 54 ሲጨመር 216፣ ማለትም 11 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን። ለሁለቱም መኪና ይከፈላል፣ አንዱ ላይ አይከማችም። በሶና ቆሎ ከእኛ ነው፤ እሳት ሳይነድ ይበላል።

ሜዳው ላይ እንደገና አየር ተለካ። ደጋ ላይ በብርድ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ፣ ታች 30 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት 5 ያህል ይጨምራል፤ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር መቀነሱ ደግሞ ሦስት ያህል ያወርደዋል። የጠዋቱን ቁጥር ይዞ መሄድ አይሠራም። አሸዋና ዱቄት አፈር ላይ ከመናዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) የሌለው ጎማ እስከ 18 ይወርዳል። ከመናዳሪ ያለውን ግን ከ22 በታች አናወርድም፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩን ይቆርጠዋል። መልሶ የሚሞላ ኮምፕረሰር ከሌለ ማስተንፈሱም ይቅር። አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት ዛፍ እሾህ የጫማ ሶል ይበሳል፣ ስለዚህ ጥላው ሥር መኪና አይቆምም።

መኪና ሲሰምጥ ጥሩ ሹፌር ጋዝ አይሰጥም። ይወርዳል፣ ከጎማው ፊትና ኋላ በአካፋ ይጠርጋል፣ በመጣበት ፈለግ ወደ ኋላ ይወጣል። ካልሆነ ይጎተታል፤ ገመዱ ግን ከሻንሲው መንጠቆ ላይ እንጂ ተጎታች ከሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ አይታሰርም። ኳሱ ተቆርጦ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። ገመድ ሲወጠር እኛ የገመዱን ርዝመት ያህል ርቀን ቆመናል።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን ልትከል የሚል አስጎብኚ ሌላው ሁሉ ቢያምር አይጠቅምም። ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አንኮበር ላይ የዘነበ ዝናብ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ በክረምት ብቻ አይደለም፣ በበልግም። የእኛው አስጎብኚ ድንኳኑን ከወንዙ ዳር ከፍ ባለው ጉብታ ላይ አስተከለ። ኔትወርክ ሊጠፋ ሲል ደግሞ ደብረ ብርሃን ወዳለ ባልደረባው ደውሎ «ነገ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድምፄን ካልሰማህ ሰው ላክ» አለው፤ የት እንደምናድርም የመሪያችንን ስም ጨምሮ አስጻፈው።

በሦስተኛው ቀን ዳገቱን ከመያዛችን በፊት ጎማዎቹ ወደ 35 ተመለሱ፣ የአየር ፊልትሮው ወጥቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ተነፋ፤ የወጣው አቧራ ግማሽ ጣሳ ይሞላል። የቀረውን ሲሶ ደብረ ብርሃን ከፈልን። የሁለተኛው ሹፌር ብሩን ሳይቆጥር የግራ ኋላ ጎማውን ለማስፈታት ወደ ጋራዥ ሄደ።