መርዶውን ከቡናው በፊት፦ አንድ አጭር ፊልም ኤዲት ሳደርግ የተማርኩት

መርዶ በፊልም ማሳየት ቀላል ይመስላል። ሰውየው ይነገረዋል፣ ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል፣ ማሲንቆ ይገባል፣ አለቀ። በየድራማው ስንት ጊዜ አይተነዋል። ስንቱ እንዳስለቀሰን ግን እንጃ። እኔን በበኩሌ አብዛኛው ስልኬን ነው የሚያስነሳኝ።

በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ አሥራ ምናምን ደቂቃ የሚሆን ፊልም ቀርፆ ኤዲቲንጉን ለእኔ ሰጠኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። አልማዝ የምትባል ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ትኖራለች። ክፍለ ሀገር ያለው ወንድሟ ይሞታል። ጎረቤቶቿ ማታውኑ ይሰማሉ። እንደ ደንቡ ሌሊቱን አፍነው ያድሩና ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው ያረዷታል። በመሀል ግን አልማዝ ምንም ሳታውቅ ቡና አፍልታ ትጠራቸዋለች። መቅረት አይቻልም። ከቀሩ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ስለዚህ ሄደው ይጠጣሉ።

ጓደኛዬ አዘጋጁም እሱ ነው። ልቡ ያለው ንጋቱ ላይ ነበር። እኔ የተቀረፀውን በሙሉ አይቼ ስጨርስ ልቤ ቡናው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተጨቃጨቅነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ እንደ ስክሪፕቱ ሠራሁት። ተመልካቹም እንደ አልማዝ ምንም አያውቅም። ሴቶቹ ተሰብስበው ይጠጣሉ፣ ትንሽ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ያወራሉ። ከዚያ ይነጋል፣ በሩ ይንኳኳል፣ መርዶ። ሐሳቡ ሰውን ማስደንገጥ ነበር።

ለሰፈር ሰዎች አሳየናቸው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ገና ሲታዩ አንዲት ሴትዮ «ውይ! ማን ሞቶባት ነው?» አሉ። ፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል አልተነገረም። ግን በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን ሦስት ሰው በር ላይ ከቆመ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያንኑ ቅጂ ሜሪላንድ ላሉት የአጎቴ ልጆች ላክሁላቸው። እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ትልቁ ደወለና «ሰዎቹ የቤት ኪራይ ሊጠይቁ ነው የመጡት?» አለኝ። በጣም ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልጁ ምን አጠፋ? ምስሉ ላይ ያለው በር ላይ የቆሙ ሦስት ሰዎች ብቻ ነው። የቀረውን የሞሉት የሰፈራችን ሴትዮ ናቸው፣ ስንት መርዶ ካዩበት ዕድሜያቸው አውጥተው።

ይህን ሳይ የሂችኮክ ነገር ትዝ አለኝ። ዝነኛው የፊልም ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዩ ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ረጅም ቃለ ምልልስ አድርጎ ነበር። እዚያ ላይ ያነሳት ምሳሌ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ትጠቀሳለች። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ድንገት ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ ሲቀመጥ አይቶ ከሆነ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆንበታል። «ምን ታወራላችሁ፣ ተነሡ እንጂ!» ማለት ያምረዋል።

እኛ ዘንድ ቦምቡ መርዶው ነው፤ ጠረጴዛው ደግሞ ረከቦቱ። ቦምቡን ከተመልካቹ ደብቀን ነበር ቡናውን ያሳየነው።

መላው የተገኘው እዚያው ሀርድ ዲስኩ ውስጥ ነው። «ረዘመ» ተብሎ የተተወ አንድ ሾት ነበር። ጎረቤቷ እትዬ ዘነበች ማታ ስልክ ያነሳሉ። የምንሰማው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው። «አቤት… እሺ… መቼ?» ይላሉ። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። ወዲያው ከውጭ የአልማዝ ድምፅ ይመጣል፦ «እትዬ ዘነበች! ቡና ደርሷል፣ ኑ!» ይህን ከቡናው በፊት አስገባሁት። ቡናው ውስጥ ግን ለጊዜው አንድም ነገር አልነካሁም።

ሌላ ትዕይንት ሆኖ ቁጭ አለ። አልማዝ ሲኒ እያጠበች «ወንድሜ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል፣ ዘንድሮ በግ የሚገዛልኝ አገኘሁ» የምትልበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው ቅጂ ይህን ንግግር ማንም ልብ አላለውም። አሁን ግን ሰዎች ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ። እትዬ ዘነበች ከአቦል በኋላ ሊነሱ ሲሉ አልማዝ «ቶናውን ሳይጠጡማ አይሄዱም» ትላለች። ለእንግዳ የሚባል ተራ ነገር ነው። ከስልኩ በኋላ ሲሰማ ግን ያንቃል። የሜሪላንዶቹም ስለ ቤት ኪራይ መጠየቅ ተዉ።

ቀጥሎ የፊት ጉዳይ መጣ። እትዬ ዘነበችን ሆና የምትጫወተው ተዋናይ ጎበዝ ናት። ችግሩ፣ ቡናው ላይ ማወቋን ልታሳየን ትለፋለች። ትተነፍሳለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። እንዲህ እየሆነች አልማዝ እንዴት አትጠረጥርም? ስለዚህ ያለውን ቀረጻ ሁሉ ፈተሽኩ። ያገኘሁት ዳይሬክተሩ «አክሽን» ከማለቱ በፊት ነው። ካሜራው ተከፍቷል፣ መብራት የሚያስተካክለው ልጅ ገና አልጨረሰም። ተዋናይዋ ሲኒ ይዛ ወደ ግራ እያየች ዝም ብላ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ምናልባት ምሳ እያሰበች ይሆናል።

ካሜራማኑ የቤቱን ዕቃ እየዞረ ሲቀርፅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወንድምየውን ፎቶም አንስቶት ነበር። የእሷን ፊት አስቀድሜ፣ ፎቶውን አስከትዬ፣ ተመልሼ ፊቷን አመጣሁ። ያዩት ሁሉ «እንዴት ያለች ተዋናይ ናት! ውስጧ እየነደደ እንዴት እንደቻለችው!» አሉ። ራሷም አይታ ተገረመች፤ መቼ እንደተቀረፀ ስነግራት በሳቅ ሞተች።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ዝነኛ ተዋናይን ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር አያይዞ አሳየ ይባላል። ፊቱ ያው ነው። ተመልካቹ ግን ረሃቡንና ሐዘኑን አየሁ ብሎ ተዋናዩን አደነቀ። ይህን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በራሴ እጅ ሲሠራ ማየት ግን ሌላ ነው፣ ትንሽም ያስፈራል።

ደግሞ የትኛውም ፊት ከየትኛውም ምስል ጋር አይገጥምም። የዓይኗ አቅጣጫ ፎቶው ከተሰቀለበት ቦታ ጋር ባይገጥም ኖሮ አይሠራም ነበር። ወደ መሬት የምታይበትንም ሞክሬዋለሁ። ሰዎች «ተጣልተዋል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ የት ልቁረጥ የሚለው። ዋልተር መርች የሚባለው ታዋቂ ኤዲተር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን «ዘ ኮንቨርሴሽን» የተባለ ፊልም ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ልቁረጥ ብሎ የሚመርጠው ቦታ በተደጋጋሚ ተዋናዩ ጂን ሃክማን ዓይኑን ከሚያርገበግብበት ጋር ይቀራረባል። ሰው አንድ ሐሳብ ሲጨርስ ዓይኑን ያርገበግባል ብሎ ጠረጠረ። እኔም እትዬ ዘነበች ላይ ሞከርኩት። ሳያርገበግቡ ስቆርጥ ሐሳባቸውን የነጠቅኋቸው ይመስላል። ካርገበገቡ በኋላ ስቆርጥ ደግሞ የወሰኑ ይመስላሉ፤ «ዛሬ አልነግራትም» ያሉ ያህል። ልዩነቱ ጥቂት ፍሬም፣ ማለትም ጥቂት ነጠላ ምስል ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሚያልፍ ፊልም ላይ ይህ ምንም ማለት አይደለም ትላላችሁ፤ ነው ግን።

መርች ሌላም ነገር አለው። ለአንድ ከት፣ ማለትም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ለመቁረጥ፣ ከሚያስፈልጉ ስድስት መስፈርቶች ውስጥ ለስሜት ብቻ 51 ከመቶ ይሰጣል፤ የቀሩት አምስቱ ተደምረው እሱን አይበልጡም። ይህ ለሰነፍ ኤዲተር ጥሩ ምክንያት ነው። ቡናው ላይ ሲኒው በአንዱ ሾት ሙሉ፣ በሚቀጥለው ግማሽ ነው። ፊቱ ስለሚበልጥብኝ ተውኩት። እስካሁን ማንም አላየውም። እናንተ ስለነገርኳችሁ ታዩት ይሆናል።

ትልቁ ጭቅጭቅ ማሲንቆው ነበር። ጓደኛዬ አንድ ጥሩ ተጫዋች አስመጥቶ በትዝታ ቅኝት አስቀድቷል። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነው። ለብቻው ሳዳምጠው ሆድ ያባባል። ከቡናው ሥር ሲገባ ግን ትዕይንቱን ገደለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዱ ቅኝት ለእኛ ጆሮ የራሱን ነገር ይዞ ይመጣል። ትዝታ ሲጀምር ሐበሻ ተመልካች ምስሉን ሳያይ መቆዘም ይጀምራል። የሚያስቆዝመው ደግሞ ላለፈ ነገር ነው። ቡናው ላይ የምንፈራው ገና የሚመጣውን ነው። አልማዝ አሁንም ወንድም ያላት ሴት ናት። ሙዚቃው ግን ሁሉም ነገር አብቅቷል ብሎ ቀድሞ ያለቅስላታል።

ሙዚቃውን አውጥቼ የቤቱን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። የጀበናው መንተክተክ፣ የሲኒው መጋጨት፣ ከጎረቤት የሚሰማ ቴሌቪዥን። የእትዬ ዘነበች ፊት ሲመጣ ቴሌቪዥኑን ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጌ አጠፋሁት። መጥፋቱን ያስተዋለ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ግን እዚያ ቦታ ላይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላሉ።

ለምትቀርፁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከእያንዳንዱ ክፍል ሳትወጡ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኝታችሁ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቅዱ። ሙዚቃ ሲወጣ ሥሩ የተደበቀው የድምፅ መቆራረጥ ሁሉ ይጋለጣል። እኛ አልቀዳንም ነበርና በንግግሮቹ መሀል ካሉት ክፍተቶች ጥቂት ጥቂት እየለቀምኩ ነው የሞላሁት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ለጠላቴም አልመኝለት።

ድምፅን ከምስሉ ማስቀደምም ብዙ ረድቶኛል፤ ኤዲተሮች ጄ ከት ይሉታል። ገና በሌሊቱ ጨለማ ላይ እያለን የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንቋረር ይሰማል፣ እግር ይሰማል። ምስሉ የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አልማዝ ዓይኗን ስትገልጥ። እሷ ከመንቃቷ በፊት እኛ ነቅተናል።

ከዚያ ልቅሶው። አልማዝን የተጫወተችው ልጅ ሳትቋረጥ በአንድ ቀረጻ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። እውነተኛ ነገር ነው። ሆኖም በአብዛኛው ቆረጥኩት። ከጎረቤቶቹ አንዷ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ እጇንና ጥለቱን ብቻ በክሎዝ አፕ እናያለን። ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል። ካሜራው ግቢ ውስጥ ይቀራል። አንድ ልጅ ቧንቧው ጋ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ጩኸቱ ሲሰማ መፋቂያው አፉ ውስጥ እንዳለ ይቆማል።

ጓደኛዬ ሲያየው ጦፈ። «አንተ ሰውዬ፣ የፊልሙን ልብ እኮ ነው ቆርጠህ የጣልከው!» አለኝ። ተዋናይዋም «ልቅሶዬ የታለ?» ብላ አኮረፈችኝ፤ አልፈርድባትም። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነበር፦ ሰው የሚያለቅስ ፊት ፊት ለፊት ሲያሳዩት መመዘን ይጀምራል። እንባው እውነት ነው? አበዛችው? ከተዘጋ በር ጀርባ ሲሰማው ግን የሚመዝነው ነገር የለም፣ የሰማውን የራሱን መርዶ ያስታውሳል። እሱም ዝም አላለም። ሂችኮክን መዞ በራሴ ላይ አመጣብኝ። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» በተባለው ፊልሙ ላይ ሂችኮክ ሻወር ውስጥ ያለው ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው በርናርድ ኸርማን ግን ባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ የሚጫወቱትን ያንን ሰቅጣጭ ሙዚቃ ሠርቶ አሰማው። ሂችኮክ ሐሳቡን ቀየረ። «አየህ፣ ትልቁ ሰውዬም ሙዚቃ መለሰ» አለኝ። በዚህ መልስ የለኝም።

እንግዲህ አሁን ሁለት ቅጂ አለ። በእሱ ቅጂ አልማዝ ፊት ለፊት ታለቅሳለች፣ ማሲንቆውም ንጋቱ ላይ ይገባል። ለሰፈር ሴቶች ሁለቱንም አሳይተናቸው በእሱ ይበልጥ አለቀሱ። እናቴም የእሱን ነው የምትመርጠው። ቡናው ላይ ግን እሱም ሙዚቃ አልመለሰም።