ጨለቆት የተባለውን ወፍ ፍለጋ

ደብረ ብርሃን የገባሁት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን። ስለዚያ መንገድ የምለው የለኝም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ግን ዓይኔን አልከደንኩም።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። የያዝኩት ክፍል መስኮቱ አይገጥምም። አልጋው ላይ ያለው ብርድ ልብስ አንድ ብቻ፣ እሱም የሳሳ። አንድ ጨምሩልኝ ብል "አልቋል" ተባልኩ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ መጥቶ ብርድ ልብስ አልቋል ሲባል ሰው እንዴት አይናደድ? ካልሲ ደረብኩ። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። ጃኬቴን እንደለበስኩ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ ደግሞ ለሙቅ ውሃ ተብሎ 100 ብር ተጨምሮበታል። ከቧንቧው የወረደው ውሃ እጅ የሚቆርጥ ነበር። ተከራከርኩ። ልጅቷ "ሲስተሙ ነው የሚጨምረው" አለችኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ከፍዬ ወጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። በእኛ አገር በታኅሣሥ ማታ ሐይቁ ዳር ለመውጣት አንድ ሹራብ ይበቃል። ብርድ ሲነካኝ ትዕግሥቴ ያልቃል፣ ሰው ላይ መነጫነጭ እጀምራለሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት እናት የገብስ ቂንጬ በቅቤ ሲያቀርቡልኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። "ብይ ልጄ፣ ደጋ ሆድ ባዶ ሲሆን ይጠናል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ ሳህን ጨመርኩ።

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለአንድ ትንሽ ወፍ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ለወፉ ስም።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ዓሣ አጥማጅ ወፍን ሳያውቅ አያድግም። ጥቁርና ነጩ፣ ውሃው ላይ አንድ ቦታ ቆሞ እየተርገበገበ ቁልቁል የሚወረወረው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። የቤተሰቡን ሌሎች ወፎች ግን በስም ብቻ ነበር የማውቃቸው። ከነሱ መካከል አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ "ሃልሲዮን ኬሊኩቲ" ይባላል። እኔ እንደዚያ ነበር የማነበው። ላቲን ወይም ግሪክ መስሎኝ ለስንት ዓመት አለፍኩት።

ባለፈው ክረምት ነው ነገሩ የገባኝ። ቃሉ ላቲንም ግሪክም አይደለም። የአገር ስም ነው። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ያለችው ጨለቆት ናት! የፈረንጅ ፊደል ጨንም ቆንም አይችልም። "ጨ" ሳስታ "ቸ" ሆነች፣ "ቆ" ደግሞ "ኩ" ሆነች፣ መጨረሻው ላይ የላቲን "ኢ" ተቀጠለበት። እኔ ደግሞ "ቸ"ዋን "ኬ" ብዬ አነበብኳትና የራሴን አገር ስም ሳላውቀው ቀረሁ። ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ነው የዋልኩት።

የደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ረዳቱ ለሻንጣዬ ለብቻው 50 ብር አስከፈለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት "ለሻንጣ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብለው ቢቆጡም አልመለሰልኝም። ለእኝህ አባት ነበር የስሙን ታሪክ መጀመሪያ የነገርኳቸው። ለምን መጣሽ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ጀመርኩ።

ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 አንድ ጊዜ፣ በ1810 ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ትግራይ መጥቷል። አገሩን የያዙት ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ፤ ጨለቆት ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ናት፣ የጨለቆት ሥላሴን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። ሶልት መልእክተኛ ቢሆንም ያየውን ሁሉ መሰብሰብ ይወድ ነበር። የጉዞ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን ላይ ሲታተም በመጨረሻው ላይ የወፎች ዝርዝር ገባበት። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሶልት ራሱ አይደለም፤ ሎርድ ኤድዋርድ ስታንሊ የሚባል መኳንንት ነው። ይህ ሰው በኋላ 13ኛው የደርቢ ኧርል ሆኗል። እንስሳትና ወፎችን ከዓለም ዙሪያ ያሰባስብ ነበር፤ ሲሞት ስብስቡ የሊቨርፑል ሙዚየም መነሻ ሆነ። አገራችንን በእግሩ አልረገጠም። ወፉን ግን በጨለቆት ስም ጠራው።

"እና ወፉ ያለው ጨለቆት ነዋ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ አዛውንቱ።

ጥያቄው ልክ ነው። ወፉ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ አለ። ግራር ባለበት ደረቅ ቆላ ሁሉ ይኖራል፤ በየሄደበት ግን ስሙ ጨለቆት ነው። ኬንያ ያለው፣ ዚምባብዌ ያለው፣ ሁሉም! ሳስበው ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ለእኔ ደግሞ ካሉኝ ጥቂት የዕረፍት ቀናት ጋር የሚስማማው ቆላ ከአንኮበር በታች ያለው ነው፤ አልዩ አምባ።

አንዱን ነገር ለአዛውንቱ አልነገርኳቸውም፤ ሚኒባስ ውስጥ የሚሆን ወሬ አይደለም። የወፉ ሙሉ ስም ሦስት ቃል ነው፤ ሃልሲዮን ቼሊኩቲ ቼሊኩቲ። ለምን ተደገመ? እስከ 1921 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት ቃል በቂ ነበር። በዚያ ዓመት ኤርንስት ሃርተርት የሚባል ጀርመናዊ የወፍ ሊቅ ከማሊ እስከ ሱዳን ባለው የሰሃራ ጠርዝ የሚኖሩት ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ መሆኑን አይቶ እንደ ንዑስ ዝርያ፣ ማለትም በአንዱ ዝርያ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ቡድን፣ ለያቸው። ኤሬሞጊቶን አላቸው፤ በግሪክ የበረሃ ጎረቤት ማለት ነው። አንዱ ሲለይ መጀመሪያ የተሰየመው ያለ ሦስተኛ ስም መቅረት የለበትም። የስያሜ ሕጉ የሚለው የራሱ ስም ይደገምለት ነው። ስለዚህ የኛው ወፍ ማንም ሳይነካው፣ አንድ ሰው ሌላውን ወፍ ስለሰየመ ብቻ፣ ጨለቆት ጨለቆት ሆነ።

ከወፉ ሳይንሳዊ ስም ቀጥሎ የሰያሚው የስታንሊ ስም ይጻፋል፤ ዛሬ ግን በቅንፍ ውስጥ ነው። ቅንፉ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ሰያሚ ወፉን ሌላ ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ወገን) ውስጥ ነበር ያስገባው ማለት ነው። ሃልሲዮን የሚለውን ጂነስ ዊልያም ስዌይንሰን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1821 ነው፣ ከስታንሊ ሰባት ዓመት በኋላ። ተማሪዎቼ ቅንፉን ሁልጊዜ ይዘሉታል። ከአሁን በኋላ አላልፋቸውም።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ነበር። ከአፍንጫ በላይ አይታይም። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ነጭ ነገር ብቻ አይቼ ወረድኩ። በአንኮበር ስም የተጠራም ወፍ አለ፤ ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 እዚሁ አግኝቶት በ1979 "አንኮበሬንሲስ" ብሎ የሰየመው፣ ግራጫ መልክ ያለው ትንሽ ወፍ። ገደሉ ዳር ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አልመጣም። ጭላዳዎች መጡ፣ ሣር ነጩ፣ ሄዱ።

ጉሙ ሲገፈፍ ግን ጽድ ላይ አረንጓዴ ነገር ተንጫጫ። በቀቀኖች! ትንንሽ ናቸው፣ ወንዶቹ ግንባራቸው ቀይ። የጽዱን ፍሬ ይለቅሙ ነበር። ልቤ ዘለለ፣ ምክንያቱም እነሱም የዚያው የ1814ቱ ዝርዝር ልጆች ናቸው። ስታንሊ "ታራንታ" አላቸው። ታራንታ ከቀይ ባሕር ዳር ወደ ደጋው የሚወጣበት አቀበት ነው፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ። ሶልት መጀመሪያ ታራንታን ወጣ፣ ከዚያ ጨለቆት ደረሰ። ስታንሊ የጻፈው የወፍ ዝርዝር ነው፤ ስሞቹን ግን በተርታ ስታነቡት የሶልት መንገድ ይወጣላችኋል። እኔ ደግሞ እዚህ ሸዋ ላይ ሆኜ በአንድ ጉዞ ያንን መንገድ በላባ ላገኘው ነው። ሁለቱን ወፎች ለማየት የወሰንኩት እዚያው ጽድ ሥር ነው።

በነጋታው ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መኪና አልሞላ ሲል በእግሬ ወረድኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ቁልቁለት። ጉልበቴ አለቀ። ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣልኩ። ሙቀቱ ሲመጣ ጸባዬም አብሮ መጣ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላምታ መስጠት ጀመርኩ። ይህ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለው ከታጁራ ወደብ የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ ሃሪስ በዚሁ ነው የወጣው። "መውረዱ እንዲህ ካደረገሽ መውጣቱን አላህ ይቁጠረው" አሉኝ አንድ አህያ የሚነዱ ሰው።

ከከተማዋ በታች፣ የታጨደ የማሽላ ማሳ ዳር፣ ግራር ሥር ተቀመጥኩ። ዓሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ፍየሎቹን ትቶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። የርቀት መነጽሬን ሰጠሁት። በግልባጭ ይዞ ሳቀ፣ አስተካከልኩለት።

ወፉን መጀመሪያ የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም። አንድ ሹል ጩኸት፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድ ድምፅ። ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ ከእኛ 20 እርምጃ አይርቅም። ከእጄ መዳፍ ትንሽ ይበልጣል። ራሱ ላይ ጭረት ጭረት አለ፣ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያልፋል፣ ምንቃሩ ከላይ ጥቁር ከሥር ቀላ ያለ። ተቀምጦ ሲታይ አቧራ የነካው ነው የሚመስለው። ዝም ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። ድንገት ወደ ማሳው ወረደ፣ ሲበር ጀርባው ላይ ሰማያዊው ብልጭ አለ። ፌንጣ ይዞ ተመለሰ። ቅርንጫፉ ላይ መታው፣ ዋጠው።

"ይህ ወፍ ዓሣ አጥማጅ ነው የሚባለው" አልኩት ልጁን።

"ውሃ የታለና ቲቸር? ፌንጣ በሊታ እኮ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። ልክ ነው። ይህ ወፍ ውሃ አይፈልግም፤ ኑሮው በፌንጣ፣ በጢንዚዛና በትንንሽ እንሽላሊት ነው፣ ጎጆውም ሌላ ወፍ የፈለፈለው የዛፍ ቀዳዳ። ጣና ዳር ያየሁት ሁሉ እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛው መጣ። ጥንድ ናቸው። ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተንጫጩ ክንፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም። ልጁ ግራ ገብቶት ያየኛል። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ሃልሲዮን ቼሊኩቲ እንደሚባል ነገርኩት። ደግሞ ደብተሬ ላይ "ጨለቆት" ብዬ በኛ ፊደል ጻፍኩለት። "ጨ"ንም "ቆ"ንም ጠበቅ አድርጎ አነበበው፤ ሶልት ሊሰማው የሚገባውን ያህል።

የልጁ አያት ቤታቸው ቅርብ ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አየኋት ብሎ ነገራቸው መሰለኝ፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጀበናው ተጥዷል። ፈንድሻ የለም፣ የተቆላ ማሽላ አለ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስደርስ ገንዘብ ላወጣ ብል ቆጣ አሉ፤ "ቤቴን ሱቅ አደረግሽው?" የደብረ ብርሃኑ 100 ብር ትዝ አለኝና ለእሳቸው አወራሁላቸው። ከልባቸው አዘኑልኝ። ስነሣ የድርና የማግ ዕቃ ከተቆለለበት ጥግ ወፍራም ጋቢ አንሥተው "ማታ አንኮበር ላይ ልበሺው፣ ለሾፌሩ ስጪልኝ፣ ይመልስልኛል" አሉኝ። ሾፌሩ የእህታቸው ልጅ ነው።

አይሱዙው 10 ሰዓት ላይ መጣ። ጋቢና 120 ብር፣ ሻንጣ በነፃ። ልጁ እስከ መንገዱ ሸኘኝ።

"ቲቸር፣ ጨለቆት ሩቅ ነው?"

"ሩቅ ነው። ወደ ሰሜን ነው።"

"ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"አልሄድኩም" አልኩት። "ስሄድ ፎቶ አመጣልሃለሁ።" የቤታቸውን ምልክት ነገረኝ፤ ሁለቱ ግራሮች፣ ከዚያ የቆርቆሮው አጥር። ደብተሬ ላይ ከወፎቹ ሥር ጻፍኩት።